ትዝታ ያልፈለጋቸው ሁለት ድምፆች

በየጥቂት ወሩ አንድ ክርክር በማኅበራዊ ሚዲያው ይነሳል። አንዱ የድሮ ዘፈን ይለጥፍና «እንዲህ ነበር ሙዚቃ፣ አሁን ዘፋኝ ጠፋ» ይላል። ሌላው ከሥሩ ይመጣና «የድሮው ኮርድ የለውም፣ ሃርመኒ የማያውቅ ሙዚቃ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ይመልሳል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነገሩ ወደ ትውልድ ስድብ ይዞርና ያልቃል። የሚገርመው ከሁለቱም ወገን አንድ ዘፈን ከፍቶ ውስጡን የሚያይ አለመገኘቱ ነው። ዘፈኑ ሩቅ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ቤት አለ። ትዝታ ነው።

ትዝታ በአማርኛ ሦስት ነገር ነው። ስሜት ነው፣ ዘፈን ነው፣ ቅኝት ነው። ዘፈኑ ደራሲ የለውም። እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ስንኝ ይጨምርበታል፣ ያንዱን ስንኝ ሌላው ይዋሰዋል፣ የግድ የሚመለስበት አዝማች የለውም። ስንኞቹ ቦታ ቢቀያየሩ ዘፈኑ አይፈርስም። ቅኝት የሚለው ቃል ደግሞ የመጣው ከመቃኘት ነው፤ ክራር ደርዳሪው ከመጫወቱ በፊት ጅማቱን ወይም ክሩን አጥብቆ አላልቶ ከሚያዘጋጅበት ሥራ። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ የፈለገ ደርዳሪ ክራሩን እንደገና መቃኘት አለበት። ስለዚህ ቅኝት እንዲሁ በወረቀት ላይ የተጻፈ የድምፅ ዝርዝር አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ የሚገባበት ሁኔታ ነው።

አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ተብለው ይታወቃሉ። ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታ ከዶ ቢጀመር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ፋ የለም፤ ሲም የለም። ፒያኖ አጠገብ ያለ ሰው ነጮቹን ሁሉ ትቶ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ከሶል ቤሞል ጀምሮ ወደ ቀኝ ቢነካ ትዝታን ያገኘዋል። ሕፃናት ሳያውቁት የሚጫወቱት እሱን ነው።

ከዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። እነዚሁ አምስት ድምፆች በቻይና የሕዝብ ዘፈን ውስጥ አሉ፣ በስኮትላንድ ዜማ ውስጥ አሉ፣ በአሜሪካ ጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር ውስጥ አሉ። የአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ ይህ ቅንብር «ሜጀር» ነው፣ ብሩህና ደስተኛ ነው ይላል። ታዲያ አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ሲሰማ ሰው ለምን አንገቱን ይደፋል? መልሱ ከድምፆቹ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው ድምፆቹ በሚጎበኙበት መንገድ ነው፤ የትኛው ላይ እንደሚቆይ፣ የትኛውን ነካ አድርጎ እንደሚያልፍ፣ የስንኙ መጨረሻ የት ላይ ተንቀጥቅጦ እንደሚያርፍ። ትዝታን በኖታ ጽፎ ለውጭ አገር ፒያኒስት የሰጠ ሰው ድምፆቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ዘፈኑ የለም።

አሁን ወደ ሁለቱ የጎደሉ ድምፆች እንመለስ፤ የሃርመኒው ታሪክ ሁሉ ያለው እነሱ ጋር ነውና።

ከባሮክ ዘመን ጀምሮ የአውሮፓ ሙዚቃ ትልቁ ሞተር ከቤት መውጣትና ወደ ቤት መመለስ ነው። ዶ ቤት ነው። መመለሱን የሚያስናፍቀው ከሶል ላይ የሚሠራው ኮርድ ነው፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ። ሲ ከዶ በታች በግማሽ ድምፅ ብቻ ርቆ ተንጠልጥሏል፤ ወደ ላይ መውጣት ይፈልጋል። ፋ ከሚ በላይ በግማሽ ድምፅ ተቀምጧል፤ መውረድ ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ጆሮ «ደረስን» ይላል። ከሞዛርት እስከ ቢትልስ ድረስ ይህ ማጠፊያ እየተመላለሰ ይሠራል። ትዝታ የሌሉት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ከዚያም በላይ፣ በትዝታ ሜጀር ውስጥ በግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ጎረቤቶች ከነጭራሹ የሉም። አንዱ ሌላውን የሚጎትት ነገር የለም። ዘፋኙ የትም ቢቆም እቤቱ ነው፤ ወይም የትም ቢቆም እቤቱ አይደለም። በናፍቆት ለሚታወቅ ዘፈን ይህ የሚገባ ነገር ነው።

በአምስቱ ድምፆች ብቻ ኮርድ እንሥራ ቢባል የሚገኙት ሙሉ ኮርዶች ሁለት ናቸው፤ ዶ ሚ ሶል እና ላ ዶ ሚ። እነሱም ሁለት ድምፅ ይጋራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አንድ ጣት ከሶል ወደ ላ ማንሳት ይበቃል። ይህ ጉዞ አይደለም፤ ወንበር ላይ እንደ መመቻቸት ነው። «የድሮው ዘፈን ኮርድ የለውም» የሚለው ልጅ የሰማው ነገር እውነት ነው። የተሳሳተው ጉድለት ነው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

ትዝታ ማይነር የሚባለው ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። እዚያ መጎተት አለ፤ ግን ጉተታው ወደ ዶ አይደለም። ዝቅ ያለው ላ ወደ ሶል ነው የሚወርደው። ፋና ሲ አሁንም የሉም።

የሌሎቹ ቅኝቶች ጠባይ ሌላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሆኖ ሲቃኝ ሁለቱም ተንጠልጣይ ድምፆች አሉት፤ አቀናባሪ ብዙም አይቸገርበትም። አምባሰል ግን ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው፤ ሚ የሚባል ነገር በከፍታም በዝቅታም የለውም። ስለዚህ ቤቱ ላይ ሙሉ ኮርድ መሥራት አይቻልም። የውጭ ባለሙያ ሲያገኘው ሳያስበው በፋ ማይነር ያጅበዋል፤ ወዲያው የዘፈኑ ቤት ከዶ ወደ ፋ ይዛወራል፣ ዘፋኙ በገዛ ዘፈኑ እንግዳ ይሆናል። አንቺሆዬ ይብሳል። ከዶ ላይ አምስተኛው ድምፅ ራሱ ዝቅ ብሏል፤ ባስ ተጫዋች በዓለም ዙሪያ በጭንቅ ጊዜ የሚሸሸግባት ዶና ሶል እንኳ የለችለትም።

ስለ ምቱም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ትዝታን ኖታ የሚጽፉ ሰዎች ባለ ስድስት ምት አድርገው ይጽፉታል፤ ሲፈጥን የሚመጣውን ዘመዱን ሙዚቀኞች ችክችካ ይሉታል። ስድስት ለሁለት ይከፈላል፣ ለሦስትም ይከፈላል። ከበሮው ሦስት ሦስት እያለ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ሲራመድ ጭብጨባው ወይም ጊታሩ ሁለት ሁለት እያለ ሦስት እርምጃ መሄድ ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ይደርሳሉ። ቀርፋፋ የሚመስለው ትዝታ ውስጥ ሰውነት እንዲወዛወዝ የሚያደርገው ይህ ድርብነት ነው። ግጥሙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወል ቤት ነው፤ ስንኙ 12 ቀለም ኖሮት መሀሉ ላይ ስድስት ስድስት ሆኖ ይከፈላል። የቁጥሩ መመሳሰል ግን ያሳስታል። ዘፋኙ ቀለሞቹን በየምቱ ላይ አንድ አንድ አያስቀምጥም። ብዙዎቹን ቶሎ ቶሎ ያወጣና የመጨረሻውን ይዞት ይቀራል። ባንዱ ዑደቱን እየቆጠረ ይጠብቀዋል። ትዝታ ላይ ሃርመኒ የማይሠራውን የመንጠልጠል ሥራ የሚሠራው ይህ መዘግየት ነው፤ አድማጩ የሚጠብቀው ኮርድ እስኪፈታ ሳይሆን ሰውየው ትንፋሹን እስኪጨርስ ነው።

ይህ ሁሉ ችግር ያልነበረበት ዘመን ረጅም ነበር። መሰንቆ ክሩ አንድ ነው። አዝማሪው ሲዘፍን መሰንቆው የእሱኑ ዜማ ይከተላል፤ እዚህ ቀድሞ፣ እዚያ ዘግይቶ፣ አንዳንዴ በራሱ ጌጥ ተለይቶ። ሁለት ድምፅ አለ፤ ግን ሁለቱም አንድ ዜማ ናቸው። ኮርድ የሚባል ጥያቄ አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው ከነሐሱ ጋር ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከእልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሰሙና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ክላሪኔት በብዛት አብረው ሲነፉ ማን ምን ይንፋ የሚለው መመለስ ነበረበት። ለማርሽ መልሱ ቀላል ነው፤ ማርሽ የአውሮፓ ነው፣ ኮርዱን ይዞ ነው የመጣው። ለትዝታ ግን መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ አልነበረም።

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የተሸከሙት የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ መጥተው የማዘጋጃ ቤቱን፣ የፖሊሱን፣ የክቡር ዘበኛውንና እ.ኤ.አ. በ1955 የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሙዚቀኞች አስተምረዋል፣ አቀናብረዋል። የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ነው። አርመናዊ ሆነው በኢትዮጵያ ቅኝት ላይ ለኦርኬስትራ የሚሆን ድርብ ድምፅ መፈለጋቸው ቀላል ነገር አይደለም። ስማቸው በየክርክሩ የማይነሳው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ይከብዳል፤ ምናልባት አቀናባሪ የሚባለው ሙያ በእኛ ዘንድ ሁልጊዜ ከዘፋኙ ፎቶ ጀርባ ስለሚቀር ይሆናል።

የዚያ ዘመን ባንዶች ያገኙት መፍትሔ ወደ ኋላ ሲታይ ብልህ ነው። ፋና ሲን አስገብቶ ዘፈኑን ከማስገደድ ይልቅ ሦስት ነገር አደረጉ። ነፊዎቹ አንድ ዜማ አብረው ይነፋሉ፣ ወይም በዘፋኙ ስንኝ መሀል አጭር ምላሽ ይሰጣሉ፤ የአዝማሪና የተቀባይ ልማድ በነሐስ ማለት ነው። ባሱ አጭር ዑደት ይዞ ይደጋግማል፣ የክራርን ሥራ ይሠራል። ኦርጋኑ ወይም ጊታሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዶና ሶልን ብቻ ይይዝና ሚን ለዘፋኙ ይተውለታል። መሀሉ ክፍት ነው። ሜጀር ነው ማይነር ነው ብሎ የሚወስነው የዘፋኙ ጉሮሮ ነው።

ሸክላ ሲመጣ ሌላ ጣጣ መጣ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖሊ ጥሰው አምሃ ሪከርድስን አቋቋሙ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ አወጡ። ባለ 45 ዙር ሸክላ አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ዘፈን በድንገት መግቢያና ማለቂያ ያስፈልገዋል። ጌታቸው ካሳ ትዝታን ዝግተኛና ፈጣን አድርጎ በሁለት መልክ መቅዳቱ የዚህ ዘመን ነገር ነው። ዜማው አንድ፣ ቅኝቱ አንድ፤ ፍጥነቱ ሲቀየር ግን ለቅሶው ወደ ጭፈራ ይጠጋል። ትዝታ ሐዘኑን ከአምስቱ ድምፆች አላመጣውም ለሚለው ነገር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ማህሙድ አህመድ በ1970ዎቹ የቀዳው ትዝታ በበኩሉ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ የሸክላን ሰዓት ንቆ ዘፈኑን ወደ ቀድሞ ልማዱ መልሶታል። ባንዱ ምንም «አይሠራም»፤ ያንኑ ይዞ ይዞራል። ይህ አይሰለችም ወይ? በብዙ ኮርድ ያደገ ጆሮ ይሰለቸው ይሆናል። ስንኝ የሚጠብቅ ጆሮ አይሰለቸውም።

ሙላቱ አስታጥቄ የሄዱበት መንገድ የተለየ ነው። ጅማ ተወልደው፣ እንግሊዝ አገር ተምረው፣ ቦስተን በርክሊ ገብተው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡ ሰው ናቸው። የሙላቱ ዘመን ጃዝ ለአምስት ድምፅ ሙዚቃ ያልታሰበ በር ከፍቶ ነበር። እስከዚያ ኮርድ የሚሠራው አንድ ድምፅ እየዘለሉ በመደርደር ነበር። የ1960ዎቹ ጃዝ ግን አራት አራት ድምፅ እየተራመዱ መደርደርንም ለመደ። የትዝታን አምስት ድምፆች በዚህ መልክ ብንደረድራቸው ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ሆነው አንድ ሰንሰለት ይሠራሉ፤ የጎደለ የለም። ከዚያ ሰንሰለት ሦስት የተለያዩ ኮርዶች ይገኛሉ፤ ፋና ሲ ሳይጠሩ። ትዝታ ሃርመኒ እምቢ የሚል ሙዚቃ አልነበረም። እምቢ ያለው አንድ ዓይነት ሃርመኒ ነው።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አሥረኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2002 ለትዝታ ሲሰጥ ሽፋኑ ላይ «የኢትዮጵያ ብሉዝ» የሚል ቃል ነበረበት። ስሙ ሸጧል፤ ብዙ ሰውም ወዶታል፤ ዛሬ የእኛው ሰዎች ራሳቸው ለውጭ ሰው ትዝታን በዚሁ ቃል ያስተዋውቃሉ። በስሜት በኩል የሚያስታርቅ ነገር አለ። በአሠራር ግን ብሉዝ በሦስት ኮርዶች ላይ የቆመ ቤት ነው፤ የአንደኛው፣ የአራተኛውና የአምስተኛው። አራተኛው ኮርድ ያለ ፋ አይሠራም፤ አምስተኛው ያለ ሲ ሙሉ አይሆንም። ትዝታ የሌሉትን ሁለት ድምፆች ብሉዝ ምሰሶ አድርጓቸዋል። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ብሎ ያመነ ወጣት ጊታሪስት ትዝታን በሦስት ኮርድ ማጀብ ቢጀምር አይፈረድበትም። ስሙ ያዘዘውን ነው ያደረገው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦቹን ዘጋ፤ ሸክላውን ካሴት ተካው፤ ትልልቆቹ የነፊ ባንዶች እየሳሱ ሄዱ። ቀጥሎ የመጣው ዲጂታል ኪቦርድ ነው። ነገሩን ሁሉ በኪቦርድ ማሳበብ ተገቢ አይደለም። ስድስት ነፊ መክፈል የማይችል ሠርግ ቤት አንድ ኪቦርዲስት ይከፍላል፤ ዋሽንግተን ያለ ምግብ ቤትም እንዲሁ። ብዙ ዘፋኝ በስደት እንጀራውን ያበሰለው በዚያ መሣሪያ ነው። ግን መሣሪያው አንድ ጠባይ አለው። አጃቢው ክፍል ሲበራ በግራ እጅ ሶል ላይ የተነካ አንድ ቁልፍ ባሱን፣ ኮርዱንና ከበሮውን በራሱ ያወጣል። የሚያወጣው ኮርድ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ነው። ማንም ሲን አልጠራም፤ ፋብሪካው ጠራው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ቀስ እያለ ነው የሚሆነው። ሲ ከበስተጀርባው እየጮኸ ዘፋኙ ዶ ላይ ሲቆም ግጭት ይሰማል። ዘፋኙ ግጭቱን ለመሸሽ ዜማውን ያስተካክላል፤ ዶ ላይ የሚቆይበትን ያሳጥራል፣ ጌጡን ይቀንሳል፣ አንዳንዴ ራሱ ሲን ነክቶ ያልፋል። አድማጩ «ዘመናዊ» ሆነ ይላል። አሥር ዓመት ሲሆነው ያኛው ዜማ ትክክለኛው ይሆንና የበዛወርቅ አስፋው ትዝታ «የድሮ ስልት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኦቶቱን የተባለው ድምፅ አስተካካይ ሶፍትዌር ደግሞ በልማድ እንደተገዛ ሲሠራ እያንዳንዱን ድምፅ ከፒያኖው 12 ቁልፎች ወደሚቀርበው ይስበዋል። በመሰንቆ ላይ ጣት የምትፈልጋት፣ ከሁለት ቁልፍ መሀል ያለች ሚ እንደ ስህተት ተቆጥራ ትታረማለች።

ፒያኖ ራሱ ግን ጠላት አልነበረም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ያሳተሙትን ሸክላ የሰማ ሰው ይህን ያውቃል። በአውሮፓ የፒያኖ ትምህርት ያደጉ እጆች ናቸው፤ ሃርመኒ አያውቁም የሚላቸው የለም። ያም ሆኖ ቀኝ እጃቸው እንደ አዝማሪ ጉሮሮ ይዘገያል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ግራ እጃቸው አይቸኩልም፣ ምቱን እየጎተተ ይጠብቃል። መሣሪያው ቋሚ ቁልፍ ነበረው፤ ተጫዋቿ ግን የትኛውን ቁልፍ አለመንካት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

ለአረብ አገር ገበያ በተሠሩ ብዙ ኪቦርዶች ላይ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ አድርጎ መቃኘት የሚያስችል ክፍል አለ። የአጃቢውንም ኮርድ ወደ ባዶ አምስተኛ፣ ማለትም ሶልና ሬ ብቻ ወደሚሰማበት መልክ መመለስ ይቻላል። ሁለቱም ድምፆች ከትዝታ ናቸው። ቁልፉ በአዲስ አበባ ሠርግ አዳራሾች ውስጥ በሚያገለግሉት አንዳንድ ኪቦርዶች ላይም አለ። የሚነካው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ሠርገኛው ሊገባ ሲል ማን ይቃኛል?